ያልነበረው ቁስል

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ነው ያየችው። ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት ሰዎች መሰላል ተደግፈው ወረቀት ይለጥፋሉ። በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚለጥፉት፤ መጀመሪያ ጫማው፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ደረቱ። ፊቱ እስኪለጠፍ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ያን ደረት ስንት ጊዜ በሜትር ለክታዋለች፤ አሁን ሦስት ፎቅ አክሎ ሲሰቀል ልታጣው አትችልም።

ደረቱ ላይ ያ ነጭ ፕላስተር አለ። ከሥሩ በትልልቁ "ቆስሎም ያሸንፋል" የሚል ተጽፎበታል። ፕላስተሩ የሸፈነው የኩባንያው ምልክት ደግሞ ያን ቀን ለተነፈገው ቦታ ካሳ የተከፈለው ይመስል አራት እጥፍ ተልቆ ጥጉ ላይ ተቀምጧል።

አጠገቧ ታክሲ የምትጠብቅ ሴትዮ ቀና ብላ አየችና "ምስኪን፣ ሲሮጥ እንዴት አሞት ይሆን" አለች።

"አላመመውም" አለች ልጅቷ።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?"

ምን ትመልስ? አዎ ብትል "የት ታውቂዋለሽ?" ሊከተል ነው። አላውቀውም ብትል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል፤ ገና ከመጀመሪያው አልተገላገለችም። ታክሲው ውስጥ ገባችና ሰሌዳው ወደማይታይበት ጎን ዞራ ተቀመጠች።

ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የምትሠራው የስፖርት ጫማና ልብስ የሚያመርት ኩባንያ ውስጥ ነው። የማስታወቂያ ክፍሉን የሚመሩት አጎቷ ናቸው። አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ሥራም ያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ "ጋሼ" ስትላቸው አባቴ ማለቷ ነው። ሥራዋ ሲያወሩት ያስቃል። ውድድር ባለ ቁጥር ኩባንያው ውል የገባላቸውን ሯጮች ተከትላ ትሄድና ከመሮጣቸው በፊት ደረታቸው ላይ ያለውን ምልክት በሜትር ትለካለች። ከተፈቀደው አንዲት ሴንቲ ከበለጠ ዳኞች ልብሱን ያስወልቃሉ፤ አንዲት ሴንቲ ካነሰ ደግሞ ጋሼ ያብዳሉ። ከዚያ ቅጽ ትሞላለች። ሯጩ ሰውነቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሰዓትም ይሁን ቀለበት ወይም ፕላስተር፣ ከነምክንያቱ ይጻፋል። ሯጮቹ "ሜትር" የሚል ስም አውጥተውላታል። ብቅ ስትል "ሜትር መጣች፣ ሆዳችሁን ሳቡ" ይባባላሉ።

ሰሌዳው ላይ የተሰቀለውን ሯጭ ደግሞ "ዝምተኛው" ነው የሚሉት። ዓመት ሙሉ ስትለካው "እሺ" እና "ጨረስሽ?" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። አንድ ቀን ግን ሜትሩን ደረቱ ላይ እንደያዘች "አንቺንስ ማን ይለካሻል?" አላት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሯጮች ግድግዳው የተናገረ ያህል ደነገጡ። እሷ መልስ ብታጣ ቁጥሩን አሳስታ ጻፈች፤ በዚያም ምክንያት ከዳኛ ጋር ተጨቃጨቀች። ፍቅራቸው የሚቆጠረው ከዚያ ጭቅጭቅ ጀምሮ ነው።

እሱን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እዚያው ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ የጫማ ገበርና የልብስ ምልክት ስትሰፋ አሥራ ስድስት ዓመት ያሳለፈች ሴት። ጋሼ የሁለቱን ነገር የሰሙ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ነበር የተናገሩት፦ "ሯጭ እናስፈርመዋለን እንጂ ልጅ አንድርለትም።"

ከሁለት ወር በፊት ሠራተኛ ማኅበር እንዳያቋቁም የሚከለክል አዋጅ ወጣ። የፋብሪካው ሴቶች ተሰብስበው ወደ አደባባይ ወጡ። አሥራ ዘጠኙ ታሰሩ፤ አንዷ እህቱ ናት። ኩባንያው ትንፍሽ አላለም።

ትልቁ ውድድር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሯጭ ፕላስተር መለጠፉ አዲስ ነገር አይደለም። ረጅም ርቀት ሲሮጥ ላብ የጠጣ ጨርቅ ደረትን እስኪያደማ ይልጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ከልብሱ ሥር ትንንሽ ፕላስተር ያደርጋል። ዝምተኛው ያን ቀን የለጠፈው ግን አንድ ሰፊ ፕላስተር ነበር፤ ከልብሱ በላይ፣ ከኩባንያው ምልክት አንዲት ፊደል ሳያስቀር።

"ጻፊው" አላት ቅጹን እያመለከተ።

"ምን ብዬ?"

"እንዳለ። ሆን ብሎ ሸፈነው በይ።"

ይህን ብሎ ሊያሟሙቅ ወጣ። እሷ ደግሞ ውሉን በገዛ እጇ የጻፈች ናት፤ አንቀጽ አሥራ አራትን ከስልክ ቁጥሯ በላይ ታውቀዋለች። ሯጩ በውድድር ላይ የፖለቲካ ተቃውሞ ካሳየ ውሉ ይሰረዛል፣ ፌዴሬሽኑም ሁለት ዓመት ያግደዋል። ሁለት ዓመት ለሯጭ ግማሽ ዕድሜ ነው። እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ "ምክንያት" ከሚለው ሥር "ቁስል" ብላ ጻፈች።

አሸነፈ። መስመሩን አልፎ ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ ማይክ ተደቀነበት። "ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ተባለ። ቀና አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ፤ አፉን ከፈተ። ጃኬቱን ይዛ አጠገቡ የቆመችው እሷ ቀደመችው።

"ቁስል ነው። ጨርቁ እንዳይፈገፍገው ከላይ አጣብቀነው ነው" አለች።

ዞሮ አያት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሲያያት ግን እንደማያውቃት ሰው ነበር፤ ከዚያ አፉን መልሶ ገጠመ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቃሏ በዚያው ቀን በሬዲዮ፣ በማግስቱ በጋዜጣ ዞረ። እሱ በኋላ ለሁለት ጋዜጠኞች እውነቱን ቢነግራቸው ሁለቱም "ኩባንያውን ጠይቀን እንመጣለን" ብለው እንደወጡ ቀሩ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ስልኳን አያነሳም።

*

"ጋሼ፣ ያ ሰሌዳ ይውረድ" አለች፣ ቢሯቸው ገብታ በሩን ሳትዘጋ።

"እንደምን አደርሽ አይባልም?" አሉ አጎቷ። ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። "ተቀመጪ። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው። ደግሞ የአንቺ ሥራ ነው፤ እኔ ምን አደረግኩ? ቃሉን አንቺ ሰጠሽኝ፣ እኔ አስጌጥኩት።"

"ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።"

"እኔ የማውቀው ቅጹን ነው። ፊርማው የማን ነው?"

ፊርማው የራሷ ነው። እሳቸውም መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ሲያወልቁ ነገሩ ከሥራ ወደ ዘመድ መሻገሩ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

"ስሚኝ ልጄ። አንቺ ባትደርሺለት ኖሮ ያ ልጅ ይኼን ጊዜ ጫማውን ሰቅሎ ነበር። አድነሽዋል። አንድ ቀን ያመሰግንሻል። ሐሙስ አዲሱን ውል ይፈርማል፤ ጋዜጠኞች ተጠርተዋል። አንቺም ስለ ቁስሉ አጭር መግለጫ ታነቢያለሽ። በቃ፣ ወሬው ይዘጋል።"

"አይፈርምም። እሱን እኔ አውቀዋለሁ።"

"እሺ ብሏል" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "ከፈረመ በማግስቱ ኩባንያው ለእህቱ የዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል። ይኼንንስ ታውቂ ነበር?"

አላወቀችም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ የተቀመጠችው ያኔ ነው።

"በማግስቱ የሚጻፍ ደብዳቤ ዛሬ ለምን አይጻፍም?"

"አየሽ" አሉ፣ "እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የቻልሽው እኔ ስላስተማርኩሽ ነው። አባትሽ ሲሞት አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነው። ትምህርት ቤትሽ፣ ልብስሽ፣ ይኼ ሥራ፣ ሁሉም ከዚህ ወንበር ነው የወጣው። ወንበሩን አትነቅንቂብኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።"

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። የተቆጡባት ቢሆን ተቆጥታ ትመልስ ነበር። እሳቸው ግን ለመኗት፤ የሚለምን ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚጣላ ማንም አላስተማራትም።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሄደች። አራተኛ ደብዳቤዋን ለአሰልጣኙ ሰጥታቸው ነበር፤ አሰልጣኙ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ከኪሳቸው አወጡት። አልተከፈተም።

"አልወስድም አለኝ" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ ፖስተኛ አደረጋችሁኝ። ያውም ደብዳቤ የማያደርስ ፖስተኛ።"

"ምንም አላለም?"

"እሱ? ምን ሊል? ዝም አይነቅዝም እያለ ይዞራል። ቁጭ በይ ከፈለግሽ፣ ሜዳው የሁሉም ነው።"

ቁጭ አላለችም፤ ከሜዳው ዳር ቆመች። ዝምተኛው እየዞረ ነበር። አጠገቧ በደረሰ ቁጥር ክንዱን አንሥቶ ሰዓቱን ያያል። አንድ ዙር፣ ሰዓቱን አየ። ሁለት ዙር፣ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሁለት ጊዜ አለፋት፣ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኑ ከእጁ አልተነቀለም። ያን ያህል ሰዓት ማየት የሚያስፈልገው ሩጫ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማሟሟቂያ ነበር። ይስደባት፣ ይጩህባት፣ ግን እንዴት ሰው ሰዓት እያየ ሰውን ይቀጣል?

በአሥራ ሦስተኛው ዙር መስመሩ ውስጥ ገብታ ቆመች። መቆም ግድ ሆነበት።

"ልትፈርም ነው?" አለችው።

ላቡን በክንዱ ጠረገ።

"ለእህትህ ብለህ መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔ ያን ቀን የተናገርኩት..."

"ስለኔ ብለሽ ነው።"

"አዎ።"

"ሁሉም ስለኔ ብሎ ነው የሚናገረው" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ካልሰማችው የሚያመልጣት። "አጎትሽ ስለኔ ብሎ ሰሌዳ ሰቀለ። አንቺ ስለኔ ብለሽ አፌን ዘጋሽው። በዕድሜዬ አንድ ቀን ልናገር ተነሣሁ፣ አንድ ቀን። እሱንም አንቺ ጨረስሽው።"

"ሊያግዱህ ነበር፤ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። አውቄ ነው የለጠፍኩት። አንቺ ያላወቅሁ መሰለሽ።"

እውነት ነበር። ዝምተኛው ሊሄድ ዘወር አለ፣ ከዚያ መለስ ብሎ "ለሐሙስ ወረቀቱን የምታዘጋጂው አንቺ አይደለሽ? አዘጋጂልኝ። ምክንያት በሚለው ሥር ደስ ያለሽን ጻፊ" አላት።

መሮጥ ሲጀምር አሁንም ሰዓቱን አየ። እሷ ያልተከፈተውን ደብዳቤ ይዛ ቆማ ቀረች። አሰልጣኙ አይተው እንዳላዩ ሆኑላት፤ ያም ደግነት ነው።

*

ረቡዕ የጥየቃ ቀን ነው። ከውድድሩ ወዲህ ዝምተኛው እህቱን እንዳይጠይቅ ተከልክሏል፤ ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። ልጅቷ ግን የሚያውቃት አልነበረምና ተሰለፈች። ምን ልትል እንደሄደች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ይቅርታ መጠየቅ የምትችለው ሰው ዓለም ላይ ያቺ ሴት ብቻ የቀረች መስሏት ነው።

መዝገቡን የያዘችው ጠባቂ "ዝምድናሽ?" አለቻት።

"እ..."

"ባዶ አይተውም። የምን ዘመድ ነሽ?"

"ዘመድ ብቻ በይው" አለች። ጠባቂዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ጻፈችላት።

እህቱ ከሽቦው ማዶ መጣች። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ጣቶቿ በመርፌ የደነደኑ፤ ግንባሯ የወንድሟ ግንባር ነው። ገና ከመቀመጧ "ሜትር ነሽ አይደል?" አለች።

"በምን አወቁኝ እትዬ?"

"እሱ ነዋ የነገረኝ። አንዲት ልጅ አለች፣ ሰው ስታይ ከእግር እስከ ራሱ ትለካለች አለኝ። አሁን እኔን እንደዚያ አየሽኝ።" ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። "ንገሪኝ፣ ቁስሉ ዳነለት?"

"ቁስሉ..." ብላ ጀመረች ልጅቷ።

"ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም" አለች እህቱ፣ ፊቷን ወደ ሽቦው አስጠግታ። "ልጅ ሆኖ ሲወድቅ ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም ነበር። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፈቱልን፤ አሥራ ዘጠኛችንም ተደርድረን ተቀምጠናል። እኛ እኮ ያን ምልክት በቀን ሦስት መቶ ጊዜ የምንሰፋ ሰዎች ነን። የት እንደሚቀመጥ ዓይናችን ተጨፍኖ እናውቀዋለን። ብቅ ሲል ደረቱ ላይ የለም። አጠገቤ ያለችው 'ሸፍኖታል' አለች። ማንም ሳይነግረን ሁላችንም ቆምን። ተቀመጡ ይሉናል፣ ማን ይስማቸው። እስኪጨርስ ቆመን አየነው።"

"እትዬ..."

"ከዚያ አንዲት ልጅ ቁስል ነው ስትል ሰማን። ድምፅ ብቻ ነው፤ ፊቷን አላሳዩንም። ለካ ቁስል ነው ተባባልን። አንድ በአንድ ተቀመጥን። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጥኩት። አፈርኩ፤ ልጁ ደምቶ ይሮጣል፣ እኔ ስለኔ መስሎኝ ቆሜያለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ስሙን አያነሡብኝም፤ እንዳይከፋኝ ብለው።"

ልጅቷ ሽቦውን ያዘች። "ቁስል የለውም" አለች። "አልነበረውምም። ስለእናንተ ነው የሸፈነው። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ስድብ ጠበቀች፤ ስድቡን እንደ ዕዳ ልትቀበል ተዘጋጅታም ነበር።

"ስለወደድሽው ነው?" አለች እህቱ በመጨረሻ።

"አዎ። እንዳያግዱት ፈርቼ።"

"እኔም ስለምወደው ስንቱን ከልክዬዋለሁ። ዛፍ መውጣት፣ ወንዝ መዋኘት። ይኼን ግን አልከለክለውም ነበር።" ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። "ውይ፣ ለካ አልተጎዳም" አለች ቀጥላ፣ ለራሷ። እያለቀሰች ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት ግን ለመለየት ያስቸግር ነበር።

"ነገ ሊፈርም ነው" አለች ልጅቷ ቸኩላ፤ ጠባቂዋ ሰዓት አልቋል እያለች ነበር። "እርስዎን ለማስፈታት ብሎ። ቁስሉም እውነት ሆኖ ሊቀር ነው።"

እህቱ ቆመች። "በኔ ስም እንዳይፈርም። እኔ የምወጣው ከጓደኞቼ ጋር ነው፣ በሱ ጀርባ ታዝዬ አይደለም። ንገሪው።"

"እኔን አይሰማኝም። ደብዳቤዬንም አይከፍትም።"

"እንግዲህ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል" አለች እህቱ። "ልቀሚያ።"

ይህን የተናገረችው ያለ ቂም ነው፤ ልጅቷን አንጀቷን የበላት ያ ነበር።

*

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ከጠረጴዛው ኋላ ያንኑ ሥዕል አነስ አድርገው ሰቅለውታል። ጋሼ በአዲስ ከረባት፣ የፌዴሬሽኑ ሰው በመሃል፣ ዝምተኛው በጥግ ተቀምጠዋል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ልጅቷ እንደ ሥራዋ ሁለቱን የውል ቅጂዎች በአቃፊ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቀና ብሎ አላያትም።

አቃፊውን ሲከፍት ግን ከውሉ በላይ አንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት ነበረች። ጽሕፈቱን አወቀው። ፊቱ ኮስተር ሲል አየችው። ከአራቱ ደብዳቤዎቿ አንዱንም አልከፈተም ነበር፤ ይኼኛውን ግን የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ እያለ መመለስ አይቻልም።

"እህትህን ትናንት አየኋት። 'በኔ ስም እንዳይፈርም፣ እኔ የምወጣው ከጓደኞቼ ጋር ነው' ብላሃለች። ያን ቀን አሥራ ዘጠኙም ፕላስተሩን አይተው ተነሥተው ቆመው ነበር፤ ያስቀመጣቸው የኔ ቃል ነው። ቁስል እንዳልነበረ ነግሬያታለሁ። የኔን ውሸት ዛሬ እኔ እመልሳለሁ። ያንተን ቃል ግን ሁለተኛ አልነካም፤ ብትፈርምም ባትፈርምም ያንተ ነው።"

አነበበው። መልሶ አነበበው። ጋሼ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው እስክሪብቶ አቀበሉት። ተቀበለ።

"በመጀመሪያ" አሉ ጋሼ ወደ ጋዜጠኞቹ፣ "ስለ ጉዳቱ አጭር መግለጫ ከባልደረባችን እንሰማለን።"

ማይኩ ዘንድ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። መግለጫው እጇ ላይ ነው፤ ጋሼ ራሳቸው ያረሙት። አላነበበችውም።

"ቅጹ ላይ ቁስል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ማይክ ላይም ቁስል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ውሸት ነው። ቁስል አልነበረም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊት ያለ ጋዜጠኛ ብድግ ብሎ "ታዲያ ምን ነበር?" አላት።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሙሉውን ታውቀዋለች፤ አዋጁን፣ አደባባዩን፣ አሥራ ዘጠኙን። ከሱ ይልቅ አሳምራ ልትናገረው ትችላለች። እሱ ደግሞ ቢጠይቁት ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ካለ ሁሉም ነገር እዚህ ይቀራል። አንዲት ቃል ብትጨምርለት ምናለበት? ያን ቀንም እንዲህ ነበር ያለችው።

"ይኼን መመለስ የኔ አይደለም" አለች። ማይኩን ነቅላ ዝምተኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አላነሣውም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ እሱ ወረቀቱን ያያል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ኧረ ተናገር፣ ኧረ በናትህ አለች በሆዷ፤ በንዴት ጥርሷን ነክሳ። ጥበቃው መጥቶ ክንዷን ያዘ፣ ወደ በሩም መራት። ስትወጣ ዞራ ያየችው እንደተቀመጠ ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ድምፁን የሰማችው። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ቃላቱ በበሩ በኩል መጀመሪያ አልጠሩላትም፤ ግን አረፍ እያለ ስም እንደሚጠራ ገባት። የሴት ስሞች። ቆጠረቻቸው። የእህቱን ስም አሥራ አንደኛ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ አድርጎ ጠራው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ የወንበር መንኳኳት፣ ጩኸት፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ።

ጋሼ መጀመሪያ ወጡ። ከረባታቸው ተጣሟል። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ለጥበቃው "የቢሮ ቁልፏን ተቀበላት" ብለው አለፉ። መነጽራቸው በእጃቸው ነበር። ልጅቷ ቁልፉን ሰጠች። ስምንት ዓመት ሲሞላት አባት አጥታ የጨረሰች መስሏት ነበር፤ እንደገና ማጣት እንዳለ አላወቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጠች። ዝምተኛው ሲወጣ ከኋላው ጋዜጠኞች እየተጋፉ ነበር፤ አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆመው በሰፊ ደረታቸው ያዙለት። ውሉ አልተፈረመም። የፌዴሬሽኑ እግድ ሳምንት ሳይሞላ እንደሚመጣ፣ እህቱም በዚያ ደብዳቤ እንደማትወጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ዝምተኛው መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ልታረቅሽ አልወጣሁም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ 'ቁስልህ እንዴት ነው?' ይለኛል። ዳነ ማለት አልችልም፣ የለም ማለት አልችልም። አንቺን ስረግም ነው የከረምኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬም ተቀይሜሻለሁ።" ትንፋሹ ልክ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው ይቆራረጥ ነበር። "ነገም ይቅር የምልሽ አይመስለኝም። ገና ብዙ ጊዜ እቀየምሻለሁ።"

"የት ሆነህ?" አለችው።

ጥያቄውን አልጠበቀውም። ሰዎቹ እየጮሁ ነው፣ አሰልጣኙ ቶሎ በሉ እያሉ ነው፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ ጊዜ ወሰደ። እሷም ጠበቀችው። የምታቀብለው ቃል ነበራት፤ አላቀበለችውም።

"አጠገብሽ" አለ ዝምተኛው።

መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቱ እንደተቆጣ ነው፣ እጇንም አልያዘም። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ዕንባዋን መያዝ አልቻለችም።